ሦስት ጊዜ ጠይቃት

ሰው ከሰው ጋር ሲተዋወቅ መጀመሪያ የሚያየው ፊት ነው። ሶሱኬ ግን መጀመሪያ የሚያየው እግር ነበር። ምን ያድርግ፣ ሥራው እግር ነው! በስትሮክ ደክሞ ጣቱን መሬት ለመሬት የሚጎትት እግር ቀጥ ብሎ እንዲራመድ የሚይዘውን ድጋፍ ይሠራል። የባሕሩ ነፋስ በረዶውን አግድም በሚነዳባት በሳካታ ወደብ፣ ከማገገሚያ ሆስፒታሉ ጀርባ አንዲት ጠባብ የሥራ ክፍል አለችው። ዕድሜው ሠላሳ አራት ነው። ሚስት የለውም። ወዳጅም ብዙ የለውም። ከሰው ይልቅ ከጄሶ ጋር ሲያወራ የሚውል ዓይነት ሰው ነው።

በየሳምንቱ ረቡዕ የጄሶ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል። የዚያ ዓመት የመጀመሪያው በረዶ በወረደበት ረቡዕ አንዲት ሴት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘ። ቀኝ እግሯ ጣቶቹን ወደ ታች ደፍቶ ተንጠልጥሏል። ተንበርክኮ ቁርጭምጭሚቷን በሁለት እጁ ያዘ።

«ይቅርታ፣ እጄ ይቀዘቅዛል» አለ፣ ዓይኑን ከእግሯ ሳያነሳ።

ዝም።

«ሲታጠፍ ያምዎታል?»



ከላይ የሆነ ነገር ግንባሩን ነካው። ግራ እጇ ነው። በአንድ ጣቷ ግንባሩን ገፋ አድርጋ ፊቱን ወደ ፊቷ አቀናችው።

«እዚህ» አለች። «እኔ... እዚህ።»

ሶሱኬ ቀና ብሎ አየ። ከንፈሯ በቀኝ በኩል ትንሽ ወርዷል። ዓይኖቿ ግን አልወረዱም፤ ይስቁ ነበር። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ጉድ ፈላ!» አለ አጠገቡ የቆመው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ካዙማ። ትከሻው ሰፊ፣ ምላሱ ረጅም የሆነ ሰው ነው። «ጫማ ሰፊያችን ከሰባት ዓመት በኋላ የሰው ፊት አየ! ሳዋኮ፣ ከእግር በላይ ሰው እንዳለ ያስተማርሽው አንቺ ነሽ!»

ስሟን ያወቀው እንዲያ ነው። ሳዋኮ።

ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። አባቷ ጋሽ ገንዞ ታታሚ ሠሪ ናቸው፤ ቤት ውስጥ በባዶ እግር የሚረገጠውን ወፍራም የቄጠማ ምንጣፍ በእጃቸው ያበጃሉ። እሷ ደግሞ የምንጣፉን ጠርዝ በጨርቅ ትከፍፍ ነበር። ስትሮኩ የመታት መርፌ እንደያዘች ነው። ቀኝ እጇ ዝም አለ፤ ቀኝ እግሯ ደከመ። ቃላቷ ግን አልጠፉም... ቦታ ተቀያየሩ እንጂ። ሻይ ልትል ሾርባ ትላለች። መስኮቱን «ሰኞ» ብላ ጠርታው ራሷ ትስቃለች። ሶሱኬን ስሙን ብትል ብትል አልወጣላትም። በመጨረሻ በሚመጣበት ቀን ጠራችው።

«ረቡዕ!»

«አቤት» አለ ሶሱኬ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ረቡዕ ሆነ።

እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ አንድ ሰው ብቻውን አያድነውም። ሐኪሙ አለ፤ ካዙማ አለ፤ ነርሶቹ አሉ፤ የታማሚውን ቤት ሄዶ ደፍና ደረጃ የሚለካ ባለሙያ አለ፤ የንግግር ባለሙያዋ ወይዘሮ ኦኖዴራም አሉ። ሁሉም በሳምንት አንዴ ክብ ጠረጴዛ ከበው ስለ አንዲት እግር ይከራከራሉ። ወይዘሮ ኦኖዴራ አንገታቸው ላይ የሥዕል ካርዶች አንጠልጥለው የሚዞሩ፣ የማይቸኩሉ ሴት ናቸው። ከካርዶቹ ሁሉ በላይ ያሉት ሁለቱ ናቸው፤ ክብ ያለበት «አዎ»፣ ኤክስ ያለበት «አይ»።

«ስማኝ ሶሱኬ» አሉት አንድ ቀን። «ይቺን ልጅ አንዴ ጠይቀህ እንዳትሄድ። ሦስት ጊዜ ጠይቃት። አንዴ በቃል፣ አንዴ በሥዕል፣ አንዴ ጥያቄውን ገልብጠህ። ሦስቱ ከተስማሙ መልሱ የሷ ነው። ካልተስማሙ መልሱ ያንተ ነው።»

«እሺ» አለ። በአፉ።

ረቡዕ ረቡዕን እየወለደ ሄደ። እሱ እግሯን በጄሶ ጨርቅ ይጠቀልላል፤ ጄሶው እስኪደርቅ ሁለቱም መንቀሳቀስ አይችሉም። አምስት ደቂቃ! በሳምንት ውስጥ ከዚያ አምስት ደቂቃ የበለጠ ነገር አልነበረውም።

«ሞቀ» አለች አንዴ።

«ጄሶ ሲደርቅ ይሞቃል።»

«አይ... ጄሶ አይደለም።» ሳቀች። እሱም አብሯት ሳቀና ቅርጹ ተበላሸ። እንደገና ጠቀለለው። ካዙማ ኋላ ሲሰማ፣ «ዘንድሮ ለአንድ እግር የፈጀኸው ጄሶ ድልድይ ይሠራል» አለው።

ሳዋኮ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወደ ቤቷ መመለስ። እናቷ ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ፎቷቸው ከቤቱ ጥግ፣ ለሙታን መታሰቢያ በተሠራች ትንሽ የጸሎት ሳጥን ውስጥ ነው። ከውጭ የገባ ሁሉ ፊታቸው ተንበርክኮ እዚያ ያለችውን ትንሽ ደወል መታ አድርጎ «መጣሁ» ይላል። ሳዋኮ ካዙማን ተደግፋ ኮሪደሩን ስትመላለስ ይህንኑ ነበር የምትለማመደው። «መጣሁ... እማ፣ መጣሁ።» ይህቺ ቃል ተቀይራባት አታውቅም።

ድጋፉ የሚወሰንበት ሳምንት ደረሰ። ያን ረቡዕ ሶሱኬ ፊቷ ተንበርክኮ ጠየቃት። «አንቺ ምን ዓይነት ነው የምትፈልጊው?» አንቱታው ከቀረ ሰነባብቷል።

ሳዋኮ አሰበች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጣቷን ወደ እግሯ ቀሰረች።

«ጫማ... ቀይ። ቀይ ጫማ።»

እሱም ልቡ ሞላ! ቀይ ጫማ! እንደ ማንኛዋም ቆንጆ ሴት ከተማ ወጥታ መሄድ ትፈልጋለች ማለት ነው። እንደሱ ያለ ሕልመኛ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ከሰማ በኋላ ጆሮው ሌላ አይሰማም። ከብረት ዘንጎች ጋር የተገጠመ ቀይ ጫማ አድርጋ በወደቡ ዳር ከእሱ ጋር ስትሄድ አያት። ስታየውም... አያት።

ስብሰባው ላይ ሐኪሙ፣ «በባዶ እግር የሚደረግ ስስ ፕላስቲክ ነው ወይስ ከጫማ ጋር የተያያዘ?» አሉ።

«ከጫማ ጋር የተያያዘው ይሁን» አለ ሶሱኬ። «ራሷ ናት የጠየቀችኝ።»

«ቤት ውስጥስ?» አለ ካዙማ።

የቤቱ ልኬት አልመጣም ነበር። በረዶው መንገዱን ዘግቶ ጉብኝቱ ሁለት ጊዜ ተሰርዟል። በስልክ ሲጠየቁ ጋሽ ገንዞ «ቤቴ ደህና ነው፣ ምን ይሆናል?» ብለው ዘግተዋል።

ወይዘሮ ኦኖዴራ መነጽራቸውን አወለቁ። «በካርድ ጠይቀሃታል?»

«አያስፈልግም» አለ ሶሱኬ። «እኔ ትገባኛለች።»

ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ ፈረሙ። በሆስፒታሉ ወለል ላይ ሁሉም ሰው በጫማ ነው የሚሄደው። ሳዋኮም ቀዩን ጫማ አድርጋ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ያለ ሰው እርዳታ ስትሄድ ነርሶቹ አጨበጨቡ፤ ካዙማ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። እሷ ግን ጫማውን አየት አድርጋ፣ ሶሱኬን አየት አድርጋ፣ የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። ደስ ብሎታል። ደስታውን ማጥፋት አልፈለገችም።

ወደ ቤቷ የሄደችው በየካቲት፣ አንድ ጠዋት ነው። ጋሽ ገንዞ ሻንጣዋን ከታክሲው ለማውረድ ወደኋላ ቀሩ። ሳዋኮ ቤቱ መግቢያ ላይ ተቀመጠች። የጫማውን ማሰሪያዎች በግራ እጇ አንድ በአንድ ፈታች። በጫማ ታታሚ የሚረግጥ ማን አለ? ያውም ጠርዙን በገዛ እጇ የከፈፈችውን! ቀዩን ጫማ ከነብረቱ አወለቀች። አፍንጫውን ወደ በሩ አዙራ፣ ከግራው ጋር አስተካክላ አስቀመጠችው። ተነሳች። በባዶ እግሯ ወደ እናቷ ፎቶ ተራመደች።

አንድ። ሁለት።

በሦስተኛው እርምጃ የእግር ጣቷ በምንጣፉ ጠርዝ ተጠለፈ።

አባትየው ሻንጣውን ጥለው ሲገቡ መሬት ላይ ነበረች። የዳሌዋ አጥንት ተሰብሯል። አልጮኸችም። «ሰኞ... ሰኞ...» ትል ነበር ይባላል፤ መስኮቱን ይሁን ሌላ ነገር ማንም አላወቀም።

ሶሱኬ ወሬው ሲደርሰው ሮጦ ቤታቸው ሄደ። አምቡላንሱ ሄዷል። በሩ ክፍት ነው። ቀዩ ጫማ አፍንጫውን ወደ እሱ አዙሮ፣ እንከን ሳይኖረው ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

---

ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ከበደ። ቀዶ ሕክምና፣ ሕመም፣ እንደገና ከዜሮ። ሳዋኮ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ስትመለስ ከስታ ነበር። አንድ ረቡዕ ወይዘሮ ኦኖዴራ ሶሱኬን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡት። ካርዶቹን አልጋው ላይ ዘረጉ፤ ጫማ፣ ካልሲ፣ ጓንት፣ ኮፍያ።

«ሳዋኮ፣ ያኔ ሶሱኬን የጠየቅሽው ቀይ ነገር የቱ ነው?»

ሳዋኮ በግራ ጣቷ ካርዶቹ ላይ ዞረች። ጫማውን አለፈችው።

ካልሲው ላይ ቆመች።

«ካልሲ ነው?» ክብ።

«ጫማ ነው?» ኤክስ።

«ቤት ውስጥ፣ ታታሚ ላይ የሚደረግ?» ክብ።

ሦስት ጊዜ። ሦስቱም ተስማሙ።

ሶሱኬ ጭንቅላቱን ደፋ። ቀይ ካልሲ! እናቷ በየዓመቱ ይሠሩላት የነበረው ዓይነት። እንደ ካልሲ ስስ የሆነ፣ ለስላሳ፣ ታታሚ የማይጭር፣ ቤቷ ውስጥ አድርጋው የምትሄድ ድጋፍ... ይሄን ያህል ግልጽ ነገር። አንዲት ካርድ ብቻ ነበር የሚጠይቀው።

«አጠፋሁ» አለ። «ይቅር በይኝ... ትገባኛለች ብዬ...»

ሳዋኮ ግራ እጇን ዘርግታ ጸጉሩን ነካችው። «ረቡዕ... አታልቅስ። ሾርባ ጠጣ።» ሻይ ማለቷ ነበር። ወይዘሮ ኦኖዴራ ሳቁ፤ እሱ ግን ጭራሽ ባሰበት።

አዲሱን ድጋፍ ሲሠራ አንድም ነገር በራሱ አልወሰነም። ካዙማን ጠየቀ። ሐኪሙን ጠየቀ። ሜትር ይዞ ጋሽ ገንዞ ቤት ሄዶ ደፉን ራሱ ለካ። ሽማግሌው ምንጣፍ እየሰፉ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

«አሁን ደግሞ ልጄን በፕላስቲክ ባልዲ ልታስኬዳት ነው?»

«ቢቆጡኝም እውነትዎን ነው።»

«አልቆጣም። አርጅቻለሁ። የተቆጣሁት በራሴ ነው፤ 'ቤቴ ደህና ነው' ያልኩት እኔ ነኝ።» መርፌያቸውን አስቀመጡ። ከመደርደሪያው ቀይ የጠርዝ ጨርቅ አወረዱ። «ይሄ የሷ ነው። ሳትጨርሰው ነው የታመመችው። የድጋፉን ታች በዚህ አልብሰው። በታታሚ ላይ ጫማ አይገባም። የምንጣፍ ጨርቅ ግን በምንጣፍ ላይ ቢሄድ ማን ምን ይለዋል?»

በሚያዝያ፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ ሁሉም እዚያ ቤት ተሰበሰቡ። ካዙማ ከኋላዋ እጁን ዘርግቶ፣ ወይዘሮ ኦኖዴራ ከጎን፣ አባትየው ከፎቶው አጠገብ። ሶሱኬ በሩ ጋ፣ ጫማ ማውለቂያው ላይ ቆሞ ቀረ። ሳዋኮ ቀዩን ጨርቅ የለበሰውን ስስ ድጋፍ አድርጋ ተነሳች። አንድ። ሁለት። ሦስት። አለፈችው! ሰባተኛው ላይ ደረሰች። ተንበረከከች። ደወሏን መታች።

«መጣሁ» አለች። «እማ... መጣሁ።»

ካዙማ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ሶሱኬ ግን አላለቀሰም። ከተነሳችበት እስከ ተንበረከከችበት ዓይኑን ከቀኝ እግሯ አልነቀለም።

እንግዶቹ ሲሄዱ ጋሽ ገንዞ ለሶሱኬ ነገሩት። ሥራውን ሊዘጉ ነው። ክረምት ከበጋ ብቻቸውን ሊያነሷት ሊያስተኟት አይችሉም። ሴንዳይ ከተማ ያለችው ታላቅ እህቷ ልትወስዳት ነው። «ፎቶውንም ይዛ ትሄዳለች» አሉ። «አንዴ ግን በእግሯ ትግባ ብዬ ነው።»

በማግስቱ ሶሱኬ ሁለቱን ካርዶች ከወይዘሮ ኦኖዴራ ተውሶ መጣ። ሳዋኮ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ፊቷ ተንበረከከ።

«ሳዋኮ... እዚህ ቅሪ። ከእኔ ጋር። ቤቴ ደፍ የለውም፤ ቢኖረውም እቆርጠዋለሁ። ታገቢኛለሽ?»

ካርዶቹን ጉልበቷ ላይ ዘረጋ። ጣቷ ተነሳ። ኤክሱን ነካች።

 ተቀያይሮባት ይሆናል አለ ልቡ... አዎ ልትል ነው አለ ልቡ... ልቡን ዝም አሰኘው። ካርዶቹን ቦታ አቀያየረ።

«ከእኔ ጋር ትቀሪያለሽ?»

ኤክስ።

ሦስተኛውን ገልብጦ ጠየቀ። «እህትሽ ጋ... መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

ክብ። እንባዋ ካርዱ ላይ ጠብ አለ።

«ለምን?» አለ። ለምን የሚባል ጥያቄ ካርድ የለውም።

ሳዋኮ ቃላቱን ከሩቅ እንደሚጎትት ሰው ታገለች። «አንተ... ታያለህ። እግር። ሁልጊዜ... እግር።» ግራ እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። «እኔ... እዚህ።» ትንፋሿን ሳበች። «ድሮ... አየህ። ከወደቅሁ በኋላ... አይ። ታዝናለህ። እግሬ... ያንተ በደል ሆነ። እኔ በደል... ማግባት አልፈልግም።»

ያን ያህል ረጅም ነገር ከታመመች ወዲህ ተናግራ አታውቅም። አንድም ቃል ደግሞ አልተቀየረባትም።

ሶሱኬ ካርዶቹን ሰበሰበ።  እውነቷን ነበር። ከየካቲት ወዲህ ተኝቶ የሚያየው ሦስተኛዋን እርምጃ ነው። እጇን ሲይዝ እንኳ እግሯን ነበር የሚይዘው።

«ገባኝ» ሊል ነበር። ተወው። «ሰማሁሽ» አለ።

በጣቢያው ባቡሩ ሲመጣ እህትየው ሻንጣውን፣ አባትየው በጨርቅ የተጠቀለለውን የእናትየውን ፎቶ ይዘው ቀደሙ። ሳዋኮ ባቡሩ በር ላይ ዞረች። ሶሱኬ እንደ ልማዱ ወደ ታች ሊመለከት ሲል ራሱን ያዘ። ቀና አለ። ፊቷን አየ፤ የወረደውን ከንፈሯን፣ የማይወርዱትን ዓይኖቿን፣ በግንባሯ ላይ የተበተነውን ጸጉር። እስኪጠግብ አየ። አልጠገበም።

«ሶ... ሱ... ኬ» አለች።

ስሙ! ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ወጣ። ምነው ረቡዕ ብላኝ በቀረች ብሎ ተመኘ። ረቡዕ የሚመጣ ሰው ነው። ሶሱኬ ግን የሚሰናበቱት ሰው ስም ሆነ። በሩ ተዘጋ።

---

በየዓመቱ መከር ሲገባ ከሴንዳይ ጥቅል ይመጣል። ውስጡ ቀዩ ድጋፍ ነው፣ እንዲታደስ። ደብዳቤ የለውም። ሶሱኬ የታችኛውን ጨርቅ ገልብጦ ያያል። በመጀመሪያው ዓመት ጣቱ ጋ ብቻ ነበር ያለቀው። በሁለተኛው ዓመት እኩል አልቋል፤ ደህና እየሄደች ነው። ጋሽ ገንዞ የተዉለትን ጨርቅ ቆርጦ ያለብስና ይመልሳል።

በሦስተኛው ዓመት የመጣው ሌላ ነበር። ከጉልበት በታች የሚጠብቀው ማሰሪያ ተበጥሶ ተሰፍቷል። ሶሱኬ ስፌቱን መስኮት ላይ ወስዶ አየው። ወፍራም ክር፣ ጠንካራ ቋጠሮ፣ ጠማማ መስመር። በአንድ እጅ የሚሰፋ አይደለም። የስፌት ሰው እጅም አይደለም። የወንድ እጅ ይመስላል...

ልቡ ወዲያው ታሪኩን ሊጽፍ ተነሳ። ሰው አግኝታለች። ወይም እህቷ ናት። ወይም...

አይ። አንዴ ትገባኛለች ብሎ ያደረገው ይበቃዋል።

አሮጌውን ስፌት አልፈታውም። አጥብቆ ተወው። ከድጋፉ ጋር አንድ ነጭ ካርድ አስገባ። በካርዱ ላይ ሦስት ጥያቄ ጻፈ። በእያንዳንዱ አጠገብ ክብ ወይም ኤክስ የሚሆንበት ባዶ ቦታ ተወ።

ደህና ነሽ?

ደስ ብሎሽ ነው የምትኖሪው?

ፊትሽን የሚያይ ሰው አለሽ?

መልሱ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ በረቡዕ መጣ። ኤንቨሎፑን ቆሞ ከፈተው። ካርዱ ላይ ቃል የለም። በግራ እጅ የተሳሉ ምልክቶች ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው ክብ ተንቀጥቅጦ ጫፉ ሳይገናኝ ቀርቷል። ሁለተኛው ትንሽ ተስተካክሏል።

ሦስተኛው ምንም ሳይዛነፍ ተዘግቷል።

ሶሱኬ ካርዱን ደጋግሞ አየው። ሦስቱ ተስማምተዋል። መልሱ የሷ ነው።

አለቀሰ፤ አለቀሰና ፊቱን ታጠበ። ከዚያ የጄሶ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። አንድ አዲስ ሽማግሌ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁታል። ከመንበርከኩ በፊት ቆመ። ፊታቸውን አየ።

«እንደምን ዋሉ አባቴ» አለ። «ሶሱኬ እባላለሁ። ሦስት ጊዜ ብጠይቅዎ አይሰልችዎ።»